ስለ ንብ እንጀራና ስለ መርዝ

ንብ ከአበባ የምትቀስመው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማር የሚሆነው ጣፋጭ ውሃ ነው፤ ሁለተኛው የአበባ ዱቄት ነው። ሰው ስለ ማሩ ብዙ ይናገራል፤ ዱቄቱን ግን የሚያስበው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ያለ ዱቄት በቀፎ ውስጥ ያሉት እጮች አያድጉም። ማር ለንብ የጕልበት ምግብ ነው፤ ዱቄቱ ግን እንደ ሥጋና እንደ ባቄላ አካልን የሚሠራ ነው።

በመስከረም ወር አደይ አበባ ሜዳውን በሸፈነ ጊዜ፥ ከቀፎ ራቅ ብሎ የቆመ ልጅ ይህን በዓይኑ ሊያይ ይችላል። ከሜዳ የምትመለሰው ንብ በኋለኛ እግሮቿ ላይ ሁለት ቢጫ እንክብሎች ተሸክማ ትገባለች። ዱቄቱ አስቀድሞ በሰውነቷ ጠጕር ላይ ይጣበቃል፤ እርስዋም በእግሮቿ ትጠርገዋለች፤ በጥቂት ማርም ለውሳ ትጭነዋለች። ቤቷ በደረሰች ጊዜ በሰሙ ጕድጓድ ውስጥ ትጥለዋለች። ሌሎች ንቦች በራሳቸው እየገፉ ይጠቀጥቁታል፤ እንዳይበላሽም ማርና ምራቅ ይጨምሩበታል። የንብ እንጀራ የሚባለው ይህ ነው።

ይህን እንጀራ አብልጠው የሚበሉት ሞግዚቶቹ ናቸው። ሞግዚት ማለት ከተወለደች ብዙ ቀን ያልሆናት፥ ገና ወደ ሜዳ ያልወጣች ንብ ናት። እንጀራውን በልታ በራሷ ውስጥ ካሉት ዕጢዎች እንደ ወተት ያለ ነጭ ምግብ ታወጣለች፤ በእርሱም እጮቹን ታሳድጋለች፤ አውራይቱንም ትመግባለች። ለሠራተኛይቱ እጭ ከሦስት ቀን በኋላ ማርና የአበባ ዱቄት ይጨመርላታል። እንቍላሉ ከተጣለ በ21 ቀንም ክንፍ ያላት ንብ ሆና ትወጣለች።

እንግዲህ በአበባው ዱቄት ላይ መርዝ ቢያርፍ ምን ይሆናል? መርዙ ብርቱ ከሆነ ቀሳሚይቱ በሜዳ ወይም በቀፎው ደጃፍ ወድቃ ትሞታለች፤ ባለቤቱም ሬሳውን አይቶ ነገሩን ያውቃል። መርዙ ጥቂት ሲሆን ግን ጉዳቱ ይሰወራል። ንቢቱ አትሞትም፤ ጤነኛ መስላ ሸክሟን ይዛ ትገባለች፤ መርዙም ከእንጀራው ጋር በጎተራው ይቀመጣል። አበባው ከረገፈ በኋላ ሞግዚቶቹ ከዚያ ይበላሉ። ዕጢዎቻቸው ይኮሰምናሉ፤ የሚያወጡት ምግብ ያንሳል፤ እጮቹም ደካማ ይሆናሉ። ከቤት ወጥታ የማታውቅ ንብ በሜዳ በተረጨ መርዝ ትታመማለች። ሠራተኛ ንብ በሥራ ወራት የምትኖረው 6 ሳምንት ያህል ብቻ ነውና፥ ጤነኛ ተተኪ ካልተወለደ ቀፎው ፈጥኖ ይራቈታል።

አንዳንዱ መርዝ ደግሞ መንገድ ያስጠፋል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012 ዓ. ም. የፈረንሳይ ሊቃውንት በንቦች ጀርባ ላይ እጅግ ታናሽ ምልክት ለጥፈው፥ ለአንዳንዶቹ ጥቂት መርዝ ያለበት የስኳር ውሃ እንደ ሰጡና እንደ ለቀቋቸው ጻፉ። መርዙን ከጠጡት መካከል ቤታቸውን ሳያገኙ የቀሩት ካልጠጡት ይልቅ በዙ።

ከዚያ አስቀድሞ በ2008 ዓ. ም. በጀርመን አገር፥ በላይኛው የራይን ወንዝ ሸለቆ፥ ታላቅ ጥፋት ሆኖ ነበር። ገበሬዎቹ የበቆሎን ሥር የሚበላ ትል ፈርተው ክሎቲያኒዲን የሚባል መርዝ የለበሰ ዘር ዘሩ። መርዙ ከአፈር በታች ይቀራል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ክፉ ያሰበ አልነበረም። ነገር ግን መርዙ በዘሩ ላይ በሚገባ ስላልተጣበቀ እየተፋቀ ትቢያ ሆነ። የመዝሪያውም መኪና በአየር ኃይል የሚሠራ ነበርና ትቢያውን ወደ ውጭ ተፋው። በዚያው ወራት በአጠገቡ የጎመን ዘር እርሻና የፍሬ ዛፎች አብበው ነበር፤ ትቢያው በአበቦቹ ላይ ዐረፈ። ንቦቹም እንደ ልማዳቸው ሊቀስሙ ሄዱ። ወደ 11,500 የሚሆን የንብ ቀፎ ተጎዳ፤ ባለቤቶቹም 700 ያህል ነበሩ። መርማሪዎች ያንኑ መርዝ በሞቱት ንቦችና በጎተራው በተከማቸው እንጀራ ውስጥ አገኙት። መንግሥት በዚያው ግንቦት ወር የመርዙን ዘር አገደ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2018 ዓ. ም. ይህንና ሁለት መሰሎቹን፥ ከተሸፈነ የአትክልት ቤት በቀር፥ በእርሻ ላይ እንዳይውሉ ከለከለ።

በኢትዮጵያም ዛሬ ፀረ ተባይና ፀረ አረም መርጨት በብዙ ስፍራ ተለምዷል፤ የባቄላው እርሻና የጎረቤት ቀፎም ብዙ ጊዜ አይራራቁም። ገበሬ ሰብሉን ከተባይ ማዳኑ አያስነቅፈውም፤ ልጆቹ የሚበሉት ከዚያ ነውና። የሚጎዳው ጊዜውን አለመምረጡ ነው። አበባ ሳይፈነዳ ወይም ከረገፈ በኋላ የረጨ ንብን እጅግ ያተርፋል። ግድ ቢሆንበት ንቦች ከገቡ በኋላ ወደ ማታ መርጨት ይሻላል፤ ነገር ግን መርዙ ብዙ ቀን የሚቈይ ከሆነ ማታ መርጨቱ ብቻ አያድንም፤ በማግስቱ ንቦቹ ያገኙታልና። ስለዚህ አስቀድሞ ለጎረቤት መንገር ያስፈልጋል። ቀፎ ወደ ሌላ ስፍራ የሚወሰደው ንቦቹ ሁሉ ገብተው በጨለማ ነው፤ ወሬው ቢዘገይ ቢዘገይ ከመርጨቱ በፊት ባለው ቀን ሊደርሰው ይገባል።