የኮምፒውተር ክፍሉን ከመምህሩ ወንበር

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ኮምፒውተሮቻችን በኬብል ተያይዘዋል፤ ኢንተርኔቱ ግን አስተማማኝ አይደለም። ሳስተምር ግማሹ ተማሪ ጌም ይከፍታል። ከወንበሬ ሆኜ ሁሉንም መቆጣጠር እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ መምህር፤ ኢንተርኔትም አያስፈልግዎትም። ቬዮን የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በውስጥ ኔትወርክ ብቻ ይሠራል፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይጫናል። የሁሉንም ተማሪ ስክሪን በአንድ መስኮት ያሳይዎታል፣ የእርስዎን ለክፍሉ ያሰራጫል፣ ሲያስፈልግም ስክሪናቸውን ይቆልፋል።

ከአጫጫኑ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው የቁልፍ ፋይሉ ነው። ፕሮግራሙ ጥንድ ቁልፍ ይፈጥራል፦ ይፋዊው በተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ይጫናል፣ ምስጢራዊው በእርስዎ ላይ ብቻ ይቀመጣል። ምስጢራዊው በፍላሽ ተገልብጦ ከወጣ፣ የያዘው ተማሪ የጓደኞቹን ስክሪን ማየትና ማዘዝ ይችላል። ስለዚህ ኮምፒውተርዎ ጠንካራ የይለፍ ቃል ይኑረው። ተማሪዎችም በአስተዳዳሪ አካውንት አይግቡ፤ አለዚያ የቬዮንን አገልግሎት ራሳቸው ያቆሙታል። ስርጭቱ ከተንቀራፈፈ ስዊቹንና ኬብሎቹን ያስፈትሹ።

መቆለፊያውን ግን ለማብራሪያው ደቂቃዎች ብቻ ቢጠቀሙበት እመክራለሁ። እጁ የታሰረ ተማሪ ኮምፒውተር አይለምድም። የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ለእኔ ሌላ ነው፦ ባዶ ገጽ ላይ ፈዞ የቀረውን ልጅ ያሳይዎታል። ብዙ ጊዜ ሰንፎ አይደለም፤ ጠፍቶበት እጁን ለማውጣት አፍሮ ነው። ሄደው አጠገቡ ይቁሙ። ስክሪናቸው እንደሚታይም በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ማንም ሳያውቅ የግል መልእክቱን ከፍቶ እንዳይታይበት።