ሶሻል ሴኩሪቲ «ትርፍ ከፍለናልና መልሱ» ሲል

ደብዳቤው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እንግሊዝኛ ለማያነቡ ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ በኤስ ኤስ አይ፣ ማለትም ሶሻል ሴኩሪቲ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በሚሰጠው የወር ድጎማ፣ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ከፖስታ ሳጥን ወፈር ያለ ወረቀት ያወጣሉ፤ ማታ ልጅ ከሥራ ሲመለስ ያነብላቸዋል፤ በሺህ የሚቆጠር ዶላር መልሱ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «የመንግሥት ዕዳ እንቅልፍ አያስተኛም» ተብሎ ልጆች ያዋጣሉ፤ ወይ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ቼኩ ቀንሶ እስኪመጣ ድረስ ይረሳል። ሁለቱም ያከስራል።

ከደብዳቤው በስተጀርባ ያሉት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ገንዘቡ በእርግጥ ያለአግባብ የተከፈለ ነው ወይ? ሁለተኛው፣ ያለአግባብ የተከፈለ ቢሆንስ መመለስ አለባቸው ወይ? ለመጀመሪያው ይግባኝ አለ። ለሁለተኛው ደግሞ ዌይቨር የሚባለው፣ ዕዳው ቀሪ እንዲደረግ የሚጠየቅበት መንገድ አለ። ከዚህ በታች ያለው ለወላጅዎ ወረቀቱን ለሚያነቡት ለእርስዎ የተጻፈ ነው።

ደረጃ 1፦ ደብዳቤው የእውነት ነው?

ሶሻል ሴኩሪቲ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያሳውቀው በጽሑፍ ነው። ደውሎ «ዛሬ ካልከፈላችሁ ፖሊስ ይመጣል» የሚል፣ ወይም በጊፍት ካርድና በቢትኮይን ክፈሉ የሚል ሰው ሌባ ነው፤ ይዝጉበት። ደብዳቤው ራሱ ካጠራጠረዎት ወደ መሥሪያ ቤቱ ነፃ መስመር 1-800-772-1213 ደውለው ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ይያዙ

ደብዳቤው አናቱ ላይ ቀን አለው። ይግባኝ ለማለት ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ 60 ቀን ይሰጣል፤ መሥሪያ ቤቱ በተጻፈ በ5ኛው ቀን ደርሷል ብሎ ነው የሚቆጥረው። ቀን መቁጠሪያው ላይ ማክበብ ያለብዎት ግን 30ኛውን ቀን ነው። በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ወይም ዌይቨር የገባ እንደሆነ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ከቼኩ መቁረጥ አይጀመርም። ደብዳቤው ዘግይቶ ከደረሰ ፖስታውን ከነማኅተሙ ያስቀምጡ፤ ማስረጃ ነው።

ደረጃ 3፦ ወራቱን አንድ በአንድ ይመርምሩ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚተርፈውም እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው በየትኞቹ ወራት፣ ስንት ብር እና በምን ምክንያት ትርፍ እንደተከፈለ መናገር አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ካልሆነ ፋይሉን የማየት መብት አለ፤ በጽሑፍ ይጠይቁ።

በኛ ቤተሰቦች ደጋግሞ የሚመጣው የመጀመሪያው ምክንያት የባንክ ሒሳብ ነው። ኤስ ኤስ አይ የሚቀበል ሰው ሊኖረው የሚፈቀደው ጥሪት ለነጠላ 2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው። ይህ ጣሪያ ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አንድ ሳንቲም አልተጨመረበትም፤ የቤት ኪራዩ ግን እንደዚያው ቆሞ አልጠበቀም። የሚቆጠረው በወሩ የመጀመሪያ ቀን ላይ ያለው ገንዘብ ነው። ስለዚህ የባንክ ስቴትመንት አውጥተው ደብዳቤው በሚጠቅሰው በእያንዳንዱ ወር 1ኛ ቀን ላይ ስንት እንደነበረ ያስምሩበት። ወር አጋማሽ ላይ 3,500 ዶላር ገብቶ ከወሩ ማለቂያ በፊት ለኪራይና ለዕቃ ከወጣ፣ በጥሪትነት ትርፍ ሊባል አይገባም።

እቁብ እዚህ ውስጥ ይገባል። የእቁብ ሰብሳቢዋ እናት ከሆኑና የአባላቱ ገንዘብ በእሳቸው ሒሳብ ያድር ከነበረ፣ ወረቀት ላይ ሀብታም ይመስላሉ። ገንዘቡ የእሳቸው አለመሆኑን ማስረዳት ይቻላል፦ የእቁቡ መዝገብ፣ የአባላቱ የተፈረመ ቃል፣ ገንዘቡ በየጊዜው ለባለተራው የወጣበት ዝውውር ይቅረብ። ለራሳቸው ደርሷቸው ሒሳቡ ውስጥ የተቀመጠ ከሆነ ግን ክርክሩ ይከብዳል። የጋራ ሒሳብም እንዲሁ ነው። ልጅ ለአመቺነት ስሙን ከእናቱ ጋር አስገብቶ ደመወዙን እዚያ ቢያስገባ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘቡን በሙሉ የእናትየው አድርጎ ይነሣል። ይህ ግምት ግን የሚፈርስ ነው። ደመወዙ ከየት እንደገባና ማን እንዳወጣው ስቴትመንቱ ይናገራል።

ሁለተኛው ምክንያት ጉዞ ነው። ለገና አዲስ አበባ ገብቶ ፋሲካን ሳይውሉ መመለስ ለብዙ ወላጅ አይታሰብም። ኤስ ኤስ አይ ግን 30 ተከታታይ ቀን ወይም አንድ ሙሉ የቀን መቁጠሪያ ወር ከአሜሪካ ውጭ የቆየን ሰው ያቋርጠዋል፤ ከተመለሱም በኋላ 30 ተከታታይ ቀን እስኪቀመጡ አይመልስም። ዜግነት ይህን አይለውጠውም። እዚህ ላይ ፓስፖርቱን ገልጠው የመውጫና የመግቢያውን ቀን ከደብዳቤው ወራት ጋር ያመሳክሩ፤ አንድ ወር በስህተት ተጨምሮ ከተገኘ በዚያ ወር ላይ ብቻ ይግባኝ ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ልጅ ቤት መኖር ነው። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ ልጅ ለእናቱ የሚያቀርበው ምግብ እንደ ገቢ መቆጠሩ ቀርቷል። መጠለያው ግን እስካሁን ይቆጠራል። ከዚያ ቀን በኋላ ባለ ወር ላይ ምግብ ተቆጥሮ ከሆነ ይግባኝ ይበሉ።

ደረጃ 4፦ ይግባኝ፣ ዌይቨር ወይስ ሁለቱም?

ስሌቱ ወይም ምክንያቱ ስህተት ነው ካሉ የሚሞላው ኤስ ኤስ ኤ 561 የተባለው ፎርም ነው። ስህተት የለበትም፣ ነገር ግን ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፣ መክፈልም አይችሉም ካሉ ኤስ ኤስ ኤ 632 ነው። ሁለቱንም ማስገባት ይቻላል። ከወራቱ አንዱ እንኳ ካጠራጠረዎት ሁለቱንም አንድ ላይ ያስገቡ፤ ምክንያቱም የይግባኙ ጊዜ ካለፈ በኋላ ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት መጠየቅ ይመጣል፤ ዌይቨር ግን የጊዜ ገደብ የለውም።

ደረጃ 5፦ የዌይቨሩን ፎርም ሲሞሉ «ይቅርታ» አይጻፉ

ዌይቨር ሁለት ነገር ይጠይቃል። ተቀባዩ ጥፋት የሌለበት መሆኑ አንዱ ነው። ሌላው፣ ገንዘቡን መመለስ ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልገውን የሚነካ ወይም ከፍትሕ ውጭ የሆነ መሆኑ ነው። ኤስ ኤስ አይ እየተቀበሉ ላሉ ሰው ሁለተኛው ብዙ አያስቸግርም፤ ገቢያቸው ራሱ ይመሰክራል። ጉዳዩ የሚወድቀው በመጀመሪያው ነው፤ የሚጥለውም የኛው ጨዋነት ነው። ልጅ ለእናቱ ሲሞላ «እናቴ በጣም አዝናለች፣ ጥፋቱ የእሷ ነው፣ ከእንግዲህ አይደገምም» ብሎ ይጽፋል። ፎርሙን የሚያየው ሠራተኛ ፊት ይህ የእምነት ቃል ነው።

የሚጻፈው የሆነው ነገር ነው። ደንቡ ጥፋት መኖሩን ሲመዝን የሰውየውን ዕድሜ፣ ሕመም፣ የትምህርት ደረጃ፣ የአእምሮ ሁኔታ ይመለከታል፤ እንግሊዝኛ አለመቻልም በስም ተጠቅሷል። ስለዚህ ለውጥን የማሳወቅ ግዴታ የተነገራቸው በምን ቋንቋ እንደነበር ይጻፉ። አስተርጓሚ ነበረ? ወረቀቱን ማን አነበበላቸው? ማን አስፈረማቸው? ለቢሮው ደውለው ወይም ሄደው ተናግረው ከነበረ ቀኑ ይጻፍ፣ ደረሰኝ ካለ ይያያዝ። ስህተቱ የቢሮው ከሆነም ይጻፍ፤ ግን እሱ ብቻውን እንደማይበቃ ይወቁ፤ ክፍያው ትርፍ መሆኑን ያውቁ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ይቀራል።

ውሸት ደግሞ አይነካካ። የጉዞ ቀን መደበቅ ትርፍ ክፍያን ወደ ማጭበርበር ያሻግረዋል።

ደረጃ 6፦ ማስገባትና መመዝገብ

ፎርሙን ቢሮ ወስደው ሲሰጡ በሁለተኛው ኮፒ ላይ የተቀበሉበት ቀን ማኅተም ያስመቱ። በፖስታ ከሆነ በደረሰኝ ይላኩ። አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ስለሆነ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ የጎረቤት ልጅ ይዞ መሄድ፣ ይልቁንም ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ፣ ለከባድ ጉዳይ አይሆንም። እርስዎ ወይም ጠበቃ በእሳቸው ስም እንዲናገር ከተፈለገ ኤስ ኤስ ኤ 1696 ይሞላል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች በየግዛቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ሊጋል ኤይድ ቢሮዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ይህን ጉዳይ ያውቁታል።

ደረጃ 7፦ ሊከለክሉ ካሰቡ ይጠሩዎታል

ዌይቨሩ ሊፈቀድ አይችልም ብለው ካሰቡ፣ ከመከልከላቸው በፊት ፋይሉን እንዲያዩና ከአንድ ሠራተኛ ጋር ቁጭ ብለው እንዲነጋገሩ ዕድል መስጠት አለባቸው። ለዚህ መሠረቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 በካሊፋኖና በያማሳኪ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ነው፤ ስለ ጥፋትና ስለ ፍትሕ ሲወሰን ሰውየው ቀርቦ የመናገር ዕድል ሊሰጠው ይገባል ተባለ። ይህን ቀጠሮ አይዝለሉት። ወረቀት ላይ «አልገባኝም» ማለትና እናትየው በአስተርጓሚ ቃላቸውን ሲሰጡ መስማት አይወዳደሩም። እዚህም ካልተሳካ ወደ አስተዳደር ዳኛ፣ ከዚያም ወደ ይግባኝ ምክር ቤትና ፌዴራል ፍርድ ቤት ይኬዳል።

ደረጃ 8፦ መክፈል ካልቀረ

ኤስ ኤስ አይ ላይ በአብዛኛው ከወር ገቢ ከ10 በመቶ በላይ አይቆረጥም። በምሳሌ ብናየው፣ በ2025 ሙሉ ክፍያ የነበረውን 967 ዶላር ለአምስት ወር ያለአግባብ ተቀብለዋል የተባሉ ሰው ዕዳቸው 4,835 ዶላር ነው። በወር 96.70 ሲቆረጥ 50 ወር ይፈጃል። እሱም ከበዛ ኤስ ኤስ ኤ 634 ሞልተው እንዲቀነስ ይጠይቁ። ከ2024 ወዲህ በ60 ወር የሚያልቅ ዕቅድ በቀላሉ ይፈቀዳል።

ገንዘቡ ጡረታ ወይም ኤስ ኤስ ዲ አይ የተባለው የአካል ጉዳት ክፍያ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። በማርች 2024 ተቆራጩ ወደ 10 በመቶ ወርዶ ነበር፤ በማርች 2025 ሙሉ ቼኩ ይያዛል ተባለ፤ በኤፕሪል ወደ 50 በመቶ ተሻሻለ። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ይህን ያህል የተገለባበጠ ነገር ላይ የሰፈር ወሬ ማመን አይበጅም፤ ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን መጠን ያንብቡና በዚያው ሳምንት እንዲቀነስ ይጠይቁ። ዝም ካሉና ከእንግዲህ ክፍያ የማይቀበሉ ከሆነ የታክስ ተመላሽ ሊያዝ፣ ከደመወዝም ሊቆረጥ ይችላል።

ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆረጥባቸው የቆዩ ወላጅ ካሉ ደግሞ ጉዳዩ አብቅቷል አይበሉ። ዌይቨር ዛሬም ይጠየቃል፤ ከተፈቀደ የቀረው ዕዳ ይሰረዛል፣ እስካሁን የተቆረጠውም ሊመለስ ይችላል።