ማኅበራዊ ክህሎት ከቤት ይጀምራል

ማኅበራዊ ክህሎት ስንል አንድ ሰው ከሌሎች ጋር ተግባብቶ ለመኖር የሚያስፈልጉትን ችሎታዎች ማለታችን ነው። ሌላውን ማዳመጥ፣ ተራ መጠበቅ፣ ቁጣን መግታት፣ የራስን ሐሳብ በአግባቡ መግለጽና ጠብን በንግግር መፍታት ከእነዚህ መካከል ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ልጅ እነዚህን መማር የሚጀምረው ትምህርት ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ በቤቱ ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ወላጆች ይህን ትምህርት እንዴት እንደሚሰጡ ከሥነ ልቦና ጥናቶችና ከደቡብ ጎንደር ኑሮ በመነሣት እንመለከታለን።

አይቶ መማር

አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጥናት 72 ሕፃናትን በሦስት እኩል ምድብ ከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ አንድ ዐዋቂ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ አዩ፤ ሁለተኛዎቹ በሰላም ሲጫወት አዩ፤ ሦስተኛዎቹ ምንም አላዩም። በኋላ ድብደባውን ያዩት ሕፃናት፣ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ያዩትን ድርጊትና የሰሙትን ቃል ደገሙት። ልጅ ከሚነገረው ምክር ይልቅ የሚታየው ድርጊት እንዴት እንደሚቀርጸው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ የሚያድግ ልጅም ታላቅ ሲመጣ መነሣትን፣ እንግዳን እጅ ማስታጠብን፣ ትልልቆች ሲያወሩ ዝም ማለትን የሚማረው በአብዛኛው እናት አባቱንና ታላላቆቹን አይቶ ነው። ይህ ጨዋነት ራሱ ትልቅ ማኅበራዊ ክህሎት ነው፤ ማዳመጥንና ራስን መግዛትን ያስተምራልና። ይሁን እንጂ ልጁ ዝምታን ብቻ ከተማረ፣ መልሱን እያወቀ በክፍል ውስጥ እጁን ለማውጣት የሚፈራ፣ ሲበደልም በደሉን የማይናገር ሊሆን ይችላል።

ቁጥጥርና ፍቅር

ዳያና ባውምሪንድ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወላጆችን አስተዳደግ በሦስት ከፍለው አቀረቡ፤ ያለ ምክንያት የሚያዝዝ፣ ሁሉንም የሚፈቅድ፣ ደንብ እያወጣ ምክንያቱን የሚያስረዳና ልጁን የሚሰማ። በጥናታቸው ራሳቸውን በመቻልና ከእኩዮቻቸው ጋር በመግባባት የተሻሉ ሆነው የተገኙት በአመዛኙ በሦስተኛው ዓይነት ያደጉት ልጆች ነበሩ። እርግጥ ነው፣ የሁለት ነገሮች አብሮ መታየት አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ለማለት አያበቃም፤ የልጁ ጠባይም በበኩሉ የወላጁን አያያዝ ይለውጣል።

ለልጅ ተራ መስጠት

ልጅን መስማት ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። ማታ ከሥራ በኋላ በየቤቱ የሚካሄደውን የእንቆቅልሽ ጨዋታ እንውሰድ። ልጁ «እንቆቅልህ» ሲል አባት «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱን ካጣው «አገር ስጠኝ» ይባላል። በዚህ ጨዋታ ልጅ ይጠይቃል፣ ወላጅ ይመልሳል፣ ይሸነፋልም። ልጁ ተራ መጠበቅን፣ ያለ ቁጣ መሸነፍንና በታላላቅ ፊት መናገርን በአንድነት ይለማመዳል።

ሌላው ምሳሌ በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ነው። አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በመሠረቱት በዚህ ማኅበረሰብ ሥራ በፆታ አይከፋፈልም፤ ልጆች አባት እንጀራ ሲጋግር፣ እናት ስታርስ እያዩ ያድጋሉ። ቤተሰቡ በየ15 ቀኑ ተሰብስቦ ሲወያይ ልጆችም ሐሳብ ይሰጣሉ፤ የወላጆቻቸውንም ጥፋት መናገር ይችላሉ። በዚህ መንገድ አይቶ መማርና ተራ ማግኘት በአንድ ቤት ይገናኛሉ።

ከላይ ካየነው የምንረዳው፣ አክብሮትን ለማስተማር የልጅን አፍ መዝጋት እንደማያስፈልግ ነው። «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ምክንያቱን መንገር፣ ሲናገር እስኪጨርስ መታገሥ፣ ሲያጠፋ በሰው ፊት ሳያዋርዱ ማረም ገንዘብ አይጠይቅም። ይህ የወላጆች ድርሻ ብቻም አይደለም። ታናናሾች ዘወትር የሚመለከቱት ታላቅ እኅትና ወንድማቸውንም ነውና፣ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ የታናናሾቻችንን ጥያቄ ሰምተን ብንመልስ የዚህ ትምህርት ተካፋይ እንሆናለን።