ደጅ ጥናትና ደመወዝ
(የሹመት ታሪክ በአሜሪካና በአገራችን)

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያልሰማ እጩ መምህር በመካከላችን አይገኝም። ብዙዎቻችን እንደ ቀልድ ነው የምንናገረው። ረጋ ብለን ስንመረምረው ግን ተረቱ ስለ አንድ ስግብግብ ሹም ብቻ አይደለም፤ ስለ አንድ የአስተዳደር ሥርዓት ነው። ሹመቱ ራሱ ደመወዝ በሆነበት አገር ሹሙ ካልበላ በምን ይኖራል? ይህን ጥያቄ ይዘን በመጀመሪያ ወደ አሜሪካ እንሂድና ከዚያ ወደ ወለጋ እንመለስ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

አሜሪካኖች ከርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ በንግድና በባቡር ሐዲድ እጅግ ሲያድጉ አስተዳደራቸው ግን የተበላሸ ነበር። ምርጫ ያሸነፈው ፓርቲ የመንግሥትን ሥራ እንደ ምርኮ ለደጋፊዎቹ ያከፋፍል ነበር። የፖስታ ቤቱ ሹም፣ የጉምሩኩ ሠራተኛ፣ ተራው ጸሐፊ ሳይቀር ፓርቲ ሲለወጥ ይለወጣል። ሥራ ያገኘውም ከደመወዙ ቆርሶ ለፓርቲው ያዋጣል፤ አላዋጣም ያለ እንጀራው ያሰጋዋል። የእኛ አገር ሰው ቢያየው «ያው ደጅ ጥናት ነው» ማለቱ አይቀርም። ቻርልስ ጊቶ የሚባል አንድ ደጅ ጠኚ በፓሪስ ቆንስል ሆኜ ልሾም ብሎ ቢመላለስ፣ ቢመላለስ አልሆነለትም። በሰኔ 1873 ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድን በሽጉጥ መታ። ጋርፊልድ ከሁለት ወር ተኩል በላይ ሲማቅቁ ቆይተው በመስከረም 1874 አረፉ።

በእግራቸው የተተኩት ቼስተር አርተር ናቸው። እኚህ ሰው ደግሞ ራሳቸው በዚያው በምርኮ ክፍፍል ያደጉ፣ በ1870 ከኒው ዮርክ ጉምሩክ ሹመታቸው የተነሡ ነበሩ። ከእሳቸው ማንም ለውጥ አልጠበቀም። ሆኖም በጥር 1875 የፔንድልተንን ሕግ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ሕጉ ሥራ በውድድር ፈተና እንዲሰጥና ሠራተኛው ለፓርቲ እንዲያዋጣ እንዳይገደድ አዘዘ። ሲጀመር የነካው ከማዕከላዊው መንግሥት ሠራተኞች ከአሥር አንዱን ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ሰፋ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ጋርፊልድ በሞቱበት በዚያው በ1874 ዓ.ም.፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ እዚሁ በጉዱሩ እምባቦ ላይ የሸዋና የጎጃም ጦር ተዋጋ። ድሉም የሸዋ ሆነ። የሌቃ ነቀምቴው ሞሮዳ በከሬ ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን እንደ ያዙ ቀሩ፤ ልጃቸው ደጃዝማች ኩምሳ (ገብረ እግዚአብሔር) ተተኩ። ቤተ መንግሥታቸው ነቀምቴ ላይ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ግብሩ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበር። ግብሩ የሚቆረጠው በባላባቱ ላይ ነው፤ ባላባቱ ለቆሮው ያወርደዋል፣ ቆሮውም ለገበሬው። በሌላው የደቡብ አገር ደግሞ ሹሙና ወታደሩ ገባር ይመራላቸው ነበር፤ ደመወዛቸው ገባሩ ነው ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የትኛው ግብር፣ የትኛው ጉቦ እንደሆነ ማን ይለያል? እጅ መንሻውም መማለጃውም የአስተዳደሩ ወግ ነበር።

ይህንን በሕግ ለመለወጥ የተሞከረው ከጣሊያን መባረር በኋላ ነው። በ1934 በወጣው ድንጋጌ አገረ ገዥዎች ባለ ደመወዝ ሆነው በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ዋሉ። በ1937 የመሬት ግብር ከነአሥራቱ በገንዘብ ተተመነ፦ ለለም መሬት በጋሻ 50 ብር፣ ለለም ጠፍ 40፣ ለጠፍ 15 ብር። መልካም ነገር ነው። ዳሩ ግን መሬቱን ለም ነው ወይስ ጠፍ ብሎ በመዝገብ የሚያሰፍረው ያው ሰው ነው! በአንዲት ቃል 35 ብር ይተርፋል ወይም ይጎድላል። ደመወዝ ብቻውን ጉቦን የማያጠፋው ለዚህ ይመስለናል፤ ቃሉን የሚጽፈውን ሰው የሚቆጣጠር ሌላ ዓይን ያስፈልጋል።

በፈተና መቅጠርም መጣ። በትእዛዝ ቁጥር 23 በ1954 የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያስተዳድር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ጸሐፊው ይፈተን ተባለ፤ ሚኒስትሩና አገረ ገዥው ግን በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የንጉሠ ነገሥቱ ሹሞች እንደሆኑ ቀጠሉ። ከታች ፈተና፣ ከላይ ደጅ ጥናት ማለት ነው።

በ1966 ሕዝቡ «ማን በላ?» ብሎ በአደባባይ ጠየቀ። የወሎን ረሀብና የባለሥልጣኖችን ብልሹነት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሹሞች ቀርበው ይጠየቁ ጀመር። ለእኛ ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ሹም ቆሞ መልስ ሲሰጥ በአገራችን ብዙም አልታየም ነበርና። ምርመራው ሳያልቅ ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ደርግ አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ።

የፕሬዚዳንት ገዳይ የነበረው ጊቶ እንኳ ከሁለት ወር በላይ ችሎት ቆሞ ያሻውን ሲናገር ተደምጦ ነው የተሰቀለው። የእኛዎቹ ሹሞች ምን እንደበሉ፣ ከማን ጋር እንደበሉ፣ ማን እያወቀ ዝም እንዳለ ሊመልሱ የሚችሉት በዚያች ሌሊት ከነመልሳቸው ተቀበሩ። ከነሱ በታች ሆነው ሲቀበሉ የኖሩት ደግሞ ጠያቂ አጡ።