ሞደምና ራውተር፦ በአንድ ሣጥን ወይስ ለየብቻ?

በንግድ ዓለም ወሬ ገንዘብ ነው። የቡታጅራን የበርበሬ ዋጋ ከሌላው ቀድሞ የሰማ ደላላ ትርፉንም ቀድሞ ይይዛል። ዛሬ ወሬው የሚመጣው በኢንተርኔት ስለሆነ፣ የቤቱ መስመር ሲቋረጥ ሥራውም ይቋረጣል። ስለዚህ መስመር የሚያስገባ ሰው ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ሞደምና ራውተር በአንድ ሣጥን ያሉበትን ይግዛ ወይስ ለየብቻ?

በቅድሚያ ሥራቸው ይለይ። ሞደም በስልክ ሽቦ የሚመጣውን ምልክት ተቀብሎ ኮምፒዩተር ወደሚረዳው መልክ ይለውጣል። ራውተር ያንኑ አንድ መስመር በገመድና በዋይፋይ ለብዙ ስልክና ኮምፒዩተር ያድላል። በገበያ ቋንቋ አንዱ አስመጪ፣ ሌላው አከፋፋይ ነው።

ጥምሩ ሣጥን ዋጋው ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። አንድ ሶኬት ይበቃዋል፤ መብራት ሲጠፋም በአንድ አነስተኛ ባትሪ ይሠራል። ጥቂት ክፍል ላለው ቤት ወይም ለአንድ ሱቅ ከዚህ በላይ ማውጣት አያስፈልግም።

ጉዳቱ የሚታየው ሥራ ሲሰፋ ነው። ለምሳሌ ጥያ ላይ፣ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት ትክል ድንጋዮች አጠገብ፣ የእንግዳ ማረፊያ ለመክፈት ያሰበ ባለሀብት ይታሰብ። የስልኩ ሽቦ የሚገባው በቢሮው በኩል ከሆነ ጥምሩ ሣጥንም እዚያው ጥግ ይቀመጣል። ዋይፋዩ በወፍራም ግድግዳ እየደከመ የጓሮ ክፍሎች ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ራውተሩ ለብቻው ቢሆን ግን በገመድ ተስቦ መካከል ላይ ይቆማል። በክረምት መብረቅ በስልክ ሽቦ ገብቶ ዕቃውን ቢያቃጥል ደግሞ የጥምሩ ባለቤት ሁለቱንም ያጣል። ለየብቻ የገዛው አብዛኛውን ጊዜ የሚተካው ሞደሙን ብቻ ነው።

ሌላው የነገ ጉዳይ ነው። ደንበኛው ከመዳብ ሽቦ ወደ ፋይበር ሲዛወር የድሮው ሞደም አያገለግልም፤ ፋይበር የራሱ መቀበያ አለው። የገመድ መግቢያ ያለው ራውተር ግን ከአዲሱ መቀበያ ጋር ሥራውን ይቀጥላል።

ጥምሩን ቀድሞ የገዛም መጣል የለበትም። የራውተርነት ሥራውን በቅንብሩ አስጠፍቶ እንደ ሞደም ብቻ ሊጠቀምበትና አዲስ ራውተር ሊያያይዝለት ይችላል። ሁለቱ በአንድ ላይ ማከፋፈል ከቀጠሉ አንዳንድ አገልግሎቶች ይሰናከላሉ።

ሽቦ በሌለበት ሲም ካርድ የሚቀበል ራውተር ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም ገበያው ውስጥ ስላለ፣ የትኛው በቦታው አጥርቶ እንደሚይዝ አስቀድሞ በስልክ መሞከር፣ ዕቃው ለአንድ ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑንም መጠየቅ ይገባል።

በጥቅሉ፣ ለጠባብ ቤት ጥምሩ፣ ለሚሰፋ ሥራ ለየብቻው ያዋጣል። የመስመሩን ዓይነት ሳይጠይቅ ዕቃ የሚገዛ ግን ሁለት ጊዜ ይከፍላል።