ከወለሉ በፊት ፍራሹን

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጉለሌ፣ እንጦጦ ግርጌ ነው። የ8 ዓመት ልጄ ጠዋት ስትነሳ ታስነጥሳለች፣ ዓይኗን ያሳክካታል፤ ክረምት ላይ ይብስባታል። ሐኪሙ የአቧራ አለርጂ ነው አለኝ። ቤቱን በየቀኑ እጠርጋለሁ፤ ምን ቀረኝ?

መልስ፦ እኔ የምጠረጥረው ፍራሹን ነው። በውስጡ የሚኖሩት፣ በዓይን የማይታዩት የአቧራ ተባዮች የመዥገር ዘመዶች ናቸው፤ ከቆዳችን የሚረግፈውን ቅርፊት ይበላሉ። አለርጂውን የሚቀሰቅሰው በዋናነት ኩሳቸው ነው። ውሃ አይጠጡም፣ እርጥበት የሚስቡት ከአየሩ ነው። ስለዚህ ደረቅ የደጋ አየር አይስማማቸውም። ክረምት ላይ ግን የጭቃ ግድግዳ ሲረጥብና መስኮት ተዘግቶ ሲታደር አልጋው ይመቻቸዋል።

አንሶላውንና የትራስ ልብሱን በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በደረሰ ውሃ ይጠቡ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ኩሱን ቢያጥብም ተባዩን አይገድልም። ፀሐይ ስትወጣ ፍራሹን ደጅ አውጥተው፣ እያገላበጡ ለሰዓታት ያስጡት። አቅም ከፈቀደ ፍራሹንና ትራሱን ዙሪያውን በዚፕ በሚዘጋ፣ ሽመናው ጥቅጥቅ ባለ ልብስ ያልብሱ፤ ከሁሉ በፊት ገንዘብ ላወጣበት የምመርጠው ይህንን ነው። አልጋውን ጠዋት ወዲያው አያንጥፉት፣ ተገልጦ ይናፈስ።

መጥረጊያውስ? ደረቅ ወለል መጥረግ አቧራውን ወደ አፍንጫ ያነሳዋል። በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ልጅቱም ያን ጊዜ ደጅ ትሁን። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ጭስም የተቆጣ አፍንጫን ያባብሳል፤ ምድጃው ከመኝታዋ ይራቅ።

ሌሊት ካሳላት ወይም ደረቷ ሲር ሲር ካለ አስም ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።