ከመርሰዲስ ወደ ገንዘብ፦ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመጀመሪያ ዓመታት እንደ ሙያ ታሪክ

በቦሌ መንገድ የቆመው ዓለም ሕንፃ ስሙን ያገኘው ከአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ባለቤት ነው። ሕንፃው የሩጫ ፍሬ መሆኑን አላፊ አግዳሚው ያውቃል፤ ሩጫ ራሱ መተዳደሪያ የሆነው መቼ እንደሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በዚህ ጸሐፊ እምነት የኃይሌ የመጀመሪያ ዓመታት፣ እጅግ ከተደጋገመው የአሰላ የልጅነት ትረካ ይልቅ፣ በዚህ ጥያቄ ቢነበቡ የበለጠ ያስረዳሉ።

ራግቢ ዩኒየን የአማተርነትን ሕግ የሻረው በአንድ ውሳኔ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1995 ነው፤ ስለዚህ የዚያ ትውልድ ተጫዋች የሙያ ጅማሬ ከመጀመሪያ ውሉ ሊቆጠር ይችላል። አትሌቲክስ ግን ሕጉን ያላላው ቀስ በቀስ ነበር። ኃይሌ በ1992 በሴኡል የ5,000 እና የ10,000 ሜትር የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነ። በ1993 በሽቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ፣ ለአሸናፊዎች ከሜዳሊያው ጋር የተሰጠው መርሰዲስ መኪና እንጂ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። ሻምፒዮናው የገንዘብ ሽልማት መክፈል የጀመረው በ1997 በአቴንስ ሲሆን፣ በዚያም የርቀቱ አሸናፊ ራሱ ኃይሌ ነው። መኪናው እንግዲህ የደመወዝን ስም የሚሸሽ ክፍያ ነበር ማለት ይቻላል።

ከሁለቱ ሻምፒዮናዎች መካከል የሚገኘው የ1994ቱ የሄንግሎ ውድድር በሙያ ታሪኩ የላቀ ክብደት አለው። ኃይሌ በ5,000 ሜትር የሰይድ አዊታን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ 12፡56.96 አስመዘገበ። በግብዣ በሚካሄዱ ውድድሮች ገበያ፣ የአዘጋጆች ተፈላጊነት ከሜዳሊያ ይልቅ በሰዓት ይለካ ነበር።